«ምን ይደረጋል» ከማለት እንዴት እንወጣለን?

ግፍ አይተን ዝም ስንል አብዛኛውን ጊዜ የምንለው አንድ ነው፤ «ምን ይደረጋል!» ጉዳይ ለማስፈጸም ቢሮ የሄደ ሰው «ለሻይ» ሲባል ከፍሎ ይወጣል። ሌሊት ጎረቤት ቤት ሴት ስትደበደብ ድምፁ ይሰማል፤ ጠዋት «የባልና ሚስት ጉዳይ ነው» ተብሎ ይታለፋል። የቤት ሠራተኛ የሦስት ወር ደመወዟን ሳትቀበል ሻንጣዋን ይዛ ስትወጣ እናያለን። ከንፈር መጥጠን ወደ ጉዳያችን እንሄዳለን።

ስለዚህ ዝምታ ሲወራ ደጋግሜ የምሰማው ፍርድ «ሕዝቡ ደንዝዟል» የሚል ነው። እኔ በዚህ ፍርድ አልስማማም። ጉዳትም አለው። ሰው ደንዝዟል ብለን ካመንን የሚቀረን መውቀስ ብቻ ነው፤ በወቀሳ ብዛት ከዝምታው የወጣ ሕዝብ ደግሞ አላውቅም።

የሥነ ልቦና ጥናቶችም፣ በአገራችን በቅርብ ዘመን የታየ አንድ ትልቅ ለውጥም የሚያሳዩት ሌላ ነገር ነው። ዝም የሚለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ያዝናል፤ ይናደዳልም። የጎደለው ሁለት ነገር ነው። ጎረቤቱም እንደ እሱ እንደሚናደድ አያውቅም። የራሱ እጅ አንድ ነገር ሲለውጥም አይቶ አያውቅም። እነዚህ ሁለቱ ሲሟሉ ትናንት «የማይነካ» የተባለው ነገር በአንድ ትውልድ ውስጥ ሲፈርስ ታይቷል። እንዴት እንደሆነ ላስረዳ።

ጭስ የገባበት ክፍል

ጆን ዳርሊ እና ቢብ ላታኔ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1968 አንድ ቀላል ሙከራ አሳትመዋል። ተማሪዎችን ጠርተው አንድ ክፍል ውስጥ መጠይቅ እንዲሞሉ አደረጉ። ትንሽ ቆይቶ በግድግዳው ቀዳዳ ጭስ ይገባል። ብቻቸውን ከተቀመጡት ተማሪዎች ከ100 75ቱ ብድግ ብለው ወጥተው ተናገሩ።

ቀጥሎ አንዱን ተማሪ ከሁለት ሰዎች ጋር አስቀመጡት። ሁለቱ ጭሱን እያዩ ዝም ብለው እንዲጽፉ አስቀድሞ ተነግሯቸዋል። አሁን የተናገሩት ከ100 10ሩ ብቻ ሆኑ። ሌሎቹ ጭሱን በእጃቸው እያራገቡ፣ ዓይናቸውን እያሹ፣ እያሳሉ መጻፋቸውን ቀጠሉ። በኋላ ሲጠየቁ «እንፋሎት መስሎኝ ነው» ያሉም ነበሩ።

እኔን ይበልጥ የሚያስደነግጠኝ ግን ሦስተኛው ዙር ነው። ሦስት ምንም የማያውቁ ተማሪዎች አብረው ተቀመጡ። እዚህ ውስጥ ዝም በል የተባለ ሰው የለም። ሆኖም ቢያንስ አንድ ሰው ወጥቶ የተናገረባቸው ቡድኖች ከ100 38 ብቻ ነበሩ። ሦስቱም ውስጣቸው ተረብሿል። ሦስቱም ግን ላለመደናገጥ ፊታቸውን አረጋግተው ጎናቸው ያለውን ሰው ሰረቅ አድርገው ያያሉ። ያም ሰው ፊቱን አረጋግቷል። «እሱ ካልተጨነቀ ምንም የለም ማለት ነው» ብለው ይደመድማሉ። የእያንዳንዱ ዝምታ ለሌላው ማስረጃ ሆነ።

ይህን እኛም እናውቀዋለን። ማታ መገናኛ ላይ ታክሲው ሞልቶ ከተነሳ በኋላ ረዳቱ የታሪፉን እጥፍ ይጠይቃል። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ኪሱን ይዳብሳል። አንዲት እናት «ኧረ ልጄ፣ ታሪፉ ስንት ነው?» ካሉ ግን ከኋላ ወንበር «እውነታቸውን ነው!» የሚል ይነሳል። ከዚያ ሦስት አራት ሰው ይጨምራል። ሰዎቹ ቁጣውን ያኔ አልፈጠሩትም። ይዘውት ነው የተሳፈሩት።

ታክሲው ትንሽ ጉዳይ ነው ካላችሁ ሪያድን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ ጥናት ተመራማሪዎች ባለትዳር የሆኑ ወጣት ሳዑዲያውያን ወንዶችን ሰብስበው በግል ጠየቋቸው። ከ100 87ቱ ሴት ከቤት ውጭ ብትሠራ እንደሚደግፉ መለሱ። «እዚህ አብረዋችሁ ከተቀመጡት ስንቱ ይደግፋል?» ሲባሉ ግን አብዛኞቹ ቁጥሩን አሳንሰው ገመቱ። ሁሉም «እኔ ችግር የለብኝም፣ ሰው ምን ይለኛል እንጂ» በሚል ነበር የሚኖረው። ከዚያ ለግማሾቹ ትክክለኛው ቁጥር ተነገራቸው። ከጥቂት ወራት በኋላ ሲታይ የእነዚያ ሰዎች ሚስቶች ከሌሎቹ ይልቅ ለሥራ አመልክተው፣ ለቃለ መጠይቅ ቀርበው ተገኙ። ማንም አልሰበካቸውም፤ የጎረቤታቸውን ሐሳብ ብቻ ነው የተነገራቸው።

«እሷስ ምን ሠርታ ነው?»

ከዝምታ የሚከፋ ነገር አለ፤ ተበዳይን መውቀስ። «በዚያ ሰዓት ምን ልታደርግ ወጣች?» «እሱም ሳይሠራው አይቀርም።» ይህ ከክፋት ብቻ የሚመጣ ይመስለን ይሆናል።

ሜልቪን ለርነር እና ካሮሊን ሲመንስ እ.ኤ.አ. በ1966 ያሳተሙት ሙከራ ግን ሌላ ሥር ያሳያል። ተመልካቾች አንዲት ሴት በኤሌክትሪክ ስትነዘር የሚያሳይ ትዕይንት ያያሉ። በእውነት አትነዘርም፤ እነሱ ግን ይህን አያውቁም። ስቃይዋን ማስቆም የማይችሉትና እንደሚቀጥል የተነገራቸው ሰዎች ሴትየዋን ማጣጣል ጀመሩ፤ የምትወደድ ሴት አይደለችም አሉ። ማስቆም የቻሉት ግን ያን ያህል አላጣጣሏትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ዓለም ፍርድ ያለባት ቦታ እንድትሆንለት ይፈልጋል። ንጹሕ ሰው ሲበደል አይቶ ምንም ማድረግ ካልቻለ ያ እምነቱ ይናጋበታል። ስለዚህ ወይ በደሉን ያቆማል፣ ወይ ደግሞ ተበዳዩን «የእጁን ነው ያገኘው» ብሎ ነገሩን ለራሱ ያስተካክላል። የወቀሳው አንዱ ምንጭ አቅመ ቢስነት ነው ማለት ነው። ሰውን ከመስደብ በፊት የሚያደርገው ነገር መስጠት የሚሻለው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ዝምታ መለየት ያስፈልጋል። አንዱ ግፉ የሚደርስበት ሰው ዝምታ ነው። ሞክሮ አልሆነለትም፤ ወይም የሞከረ ሲቀጣ አይቷል። ሌላው ግፉ የማይነካው፣ አንዳንዴም የሚጠቅመው ሰው ዝምታ ነው። «ጎመን በጤና» ብሎ ይቀመጣል። ለመጀመሪያው የሚያስፈልገው እንደሚቻል ማየት ነው። ለሁለተኛው ይህ አይበቃውም። የሚቻል መሆኑን ያውቃል፤ ጉዳዩ የእሱም መሆኑን ነው ያላየው። ብዙዎቻችን በአንዱ ጉዳይ የመጀመሪያውን፣ በሌላው ጉዳይ ሁለተኛውን ነን።

እጅ መስጠት የሚማሩት ነገር ነው?

ስለ ተስፋ መቁረጥ ሲነሳ የማርቲን ሴሊግማን እና የስቲቨን ማየር ሙከራ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ሊያመልጡት በማይችሉት የኤሌክትሪክ ንዝረት የቆዩ ውሾች በኋላ ማምለጫ ሲከፈትላቸው ብዙዎቹ አልሞከሩም። ተኝተው ችለውት ይቀመጡ ነበር። ተመራማሪዎቹ ውሾቹ «ምንም ባደርግ ለውጥ የለውም» የሚለውን ተማሩ ብለው ጻፉ። ሐሳቡም በዓለም ሁሉ ታወቀ።

ያን ያህል ያልተወራው ግን ከ50 ዓመት ገደማ በኋላ ራሳቸው ያረሙት መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጽሑፍ በአንጎል ጥናት ላይ ተመሥርተው ነገሩን ገለበጡት። ስቃይ ሲረዝም መፍዘዝ የሚማሩት ነገር አይደለም፤ ፍጥረት ሁሉ በተፈጥሮው የሚያደርገው ነው። የሚማሩት ሌላውን ነው፤ «የማደርገው ነገር ለውጥ ያመጣል» የሚለውን። እሱም በቃል አይገባም፤ አድርጎ በማየት እንጂ።

ይህ እርማት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። «ለምን አትነሱም?» ብሎ መጮህ ለምን እንደማይሠራ ይነግረናል። አንድ ጊዜ እንኳ ተነስቶ ተሳክቶለት የማያውቅ ሰው ጩኸቱን ቢሰማም መነሻ የለውም። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ትንሽም ቢሆን የሚሳካ ነገር ነው።

ከምባታ፦ መጀመሪያ ድልድይ

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ዶ/ር ቦጋለች ገብሬ የከምባታ ልጅ ናቸው። ልጅ ሆነው ውኃ ሊቀዱ ነው እየተባለ በድብቅ ይማሩ ነበር። በ12 ዓመታቸው ገደማ ተገርዘው ብዙ ደም ፈስሷቸዋል፤ ለጥቂት ነው የተረፉት። በኋላ በኢየሩሳሌም፣ ከዚያም በአሜሪካ ተማሩ። በ1989 ዓ.ም. አካባቢ ከእህታቸው ጋር ወደ ትውልድ ቀያቸው ተመልሰው ኬኤምጂ የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። ያኔ በአካባቢው ያልተገረዘች ሴት ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። ጠለፋም የተለመደ ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን «ግርዛት ይቁም» የሚል ሰሌዳ ተክሎ ይጀምር ነበር። እሳቸው ሕዝቡን ስለ ጤና ሲያነጋግሩ የተመለሰላቸው መልስ ሌላ ነበር፤ ከዚህ የሚቀድም ችግር አለብን። ልጆች ወንዙን ተሻግረው ትምህርት ቤት መሄድ አይችሉም። ገበያ ማድረስም ጭንቅ ነው። ስለዚህ ድልድይ ተሠራ። ከአካባቢው ሰው ጋር ሆነው ድልድዩን አቆሙት።

ይህን ታሪክ ብዙ ሰው «ብልህ አቀራረብ ነው፣ እምነት አተረፉበት» ብሎ ያልፈዋል። እውነት ነው፤ ግን ከዚያም ይበልጣል። ያ ሕዝብ ለዓመታት «ምን ይደረጋል» ሲልበት የኖረውን ወንዝ ተሻገረው። ሴሊግማንና ማየር በመጨረሻ የጻፉት ይህንኑ ነው፤ እጃችን ሥራ መሥራቱን በዓይናችን ማየት።

ከዚያ ውይይቱ መጣ። ወንድና ሴት፣ ሽማግሌና ወጣት ተቀላቅለው በየሁለት ሳምንቱ ገደማ ይሰበሰባሉ። መድረኩን የሚመሩት ከዚያው የወጡና የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ ሴቶቹ በወንዶች ፊት ለመናገር ይከብዳቸው ነበር። ቀስ እያለ ግን የወሊድ ስቃይ ተነገረ። በደም መፍሰስ የሞቱ ልጆች ተነሱ። አባቶችም ልጆቻቸው ሲገረዙ እየሰሙ የጨከኑት ወደው እንዳልሆነ መናገር ጀመሩ።

እዚህ ላይ የጉዳዩ ቋጠሮ አለ። አባት ልጁን የሚያስገርዘው ስለሚጠላት አይደለም። ካልተገረዘች የሚያገባት አይኖርም ብሎ ስለሚፈራ ነው። ብቻውን «እኔ ልጄን አላስገርዝም» ቢል ዋጋውን የምትከፍለው ልጁ ናት። ጎረቤቱም እንደዚሁ ያስባል። ሁሉም የማይፈልገውን ነገር ሁሉም እርስ በርሱ ያስጠብቃል። እንዲህ ያለ ግፍ በአንድ ጀግና አይፈርስም። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ፣ እርስ በርሱ እየተያየ መውጣት አለበት።

በዓለም ላይ ይህ ከዚህ በፊት ተደርጓል። በቻይና የሴት ልጅን እግር ሰብሮ ማሰር ወደ 1000 ዓመት የቆየ ልማድ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ የተነሡ ማኅበራት አባሎቻቸውን ሁለት ቃል ያስገቡ ነበር። የልጄን እግር አላስርም፤ ወንድ ልጄም እግሯ የታሰረ ሴት አያገባም። ሁለተኛው ቃል ነው ሥራውን የሠራው። እግሯ ያልታሰረች ልጅ ባል እንደማታጣ ዋስትና ሰጣት። ልማዱ በብዙ ቦታ በአንድ ትውልድ ውስጥ ተናደ። ጄሪ ማኪ የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1996 ይህንና የሴት ልጅ ግርዛትን አስተያይቶ ሁለቱም በተመሳሳይ ቋጠሮ የታሰሩ መሆናቸውን አሳየ።

ከምባታ ውስጥም የሆነው ይኸው ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ያልተገረዘች ሙሽራና ፈቅዶ የመረጣት ሙሽራ በአደባባይ ተጋቡ። ከ2000 በላይ ሰው እንደተገኘ ተዘግቧል። ሙሽራዋ ደረቷ ላይ ጽሑፍ አንጠልጥላለች። «አልተገረዝኩም፤ ከእኔ ተማሩ» የሚል ነው። ሙሽራውም ያልተገረዘች ሴት በማግባቱ ደስ እንዳለው የሚገልጽ ጽሑፍ አንጠልጥሏል። ሚዜዎቿ ያልተገረዙ ልጃገረዶች ናቸው። አስቡት፤ ከሠርጉ በፊት በነበረው ቀን አንድ አባት «ሰው ምን ይላል?» ብሎ ይጨነቅ ነበር። አሁን መልሱን በዓይኑ አየው። ሰው መጣ፤ ዘፈነ፤ መረቀ።

ከዚያ እድሮቹ ገቡበት። በመተዳደሪያ ደንባቸው ውስጥ ያስገረዘ እንዲቀጣ፣ እንዲገለል የሚል ጨመሩ። እድር ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አላስረዳም። ሬሳህን የሚያነሣልህ ማኅበር «ይህን አታድርግ» ሲልህ ከዞን ከተማ የመጣ ሠልጣኝ ከሚለው ጋር አይወዳደርም።

ዩኒሴፍ ባሳተመው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1999 ከ100 የአካባቢው ሰው 97 ያህሉ ግርዛትን ይደግፍ ነበር። በ2008 በተደረገው ጥናት 96 ያህሉ መቅረት አለበት ብሏል። ዘጠኝ ዓመት ነው! በዘጠኝ ዓመት ይህን ያህል ሕዝብ ልቡን ገልብጦ አዲስ ሰው አይሆንም። አብዛኛው ሰው ውስጡ የነበረውን ጥርጣሬ ለመናገር ዕድል አገኘ ብዬ ነው የማምነው። ዶ/ር ቦጋለች በ2012 ዓ.ም. አርፈዋል።

በአገር ደረጃም አዝማሚያው ይታያል። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች ከ100 80ው የተገረዙ ነበሩ፤ በ2016 65ቱ። ግርዛት ይቀጥል የሚሉት ሴቶች ግን ከ100 60 ወደ 18 ወርደዋል። ሐሳቡ ከድርጊቱ ቀድሞ ሄዷል። ይህ ርቀት መልካም ዜናም፣ የቤት ሥራም ነው። ድርጊቱን የማይደግፉ፣ ግን ጎረቤታቸው ይደግፋል ብለው የሚያስቡ ብዙ ሰዎች ሊኖሩ እንደሚችሉ ያመለክታል።

ሕግስ?

«ሕግ ምን ያደርጋል፣ ወረቀት ነው» የሚል ሰው ብዙ ነው። ጠለፋን እንይ። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ ሕጋዊ ጋብቻ ካገባት አይከሰስም ነበር። ይህ ለሽማግሌ መንገድ ከፈተ። ልጅቷ ትጠለፋለች፣ ትደፈራለች፣ ሽማግሌ ይላካል፣ ካሳ ይከፈላል፣ ነገሩ «በዕርቅ» ያልቃል። ቤተሰብም «ከዚህ በኋላ ማን ያገባታል» ብሎ ይቀበላል።

በ1980ዎቹ መጨረሻ አርሲ ውስጥ የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች። ስታመልጥ ጠላፊዋን ተኩሳ ገደለችው። በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ገና መቋቋሙ ነበር። ጠበቃ አቆመላት። ክርክሩ ሁለት ዓመት ገደማ ፈጀ፤ በመጨረሻ ራሷን ተከላክላ ነው ተብሎ ነፃ ወጣች። በሬዲዮና በጋዜጣ የሰማ ሁሉ ተከራከረበት። የቤት ጉዳይ የነበረው የአገር ጉዳይ ሆነ።

በ1992 የቤተሰብ ሕጉ የጋብቻ ዕድሜን 18 አደረገ። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 587 ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ጠላፊው በኋላ ቢያገባትም ከተጠያቂነት አያመልጥም። ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር የሽማግሌውን መንገድ ዘጋች። በተግባር ዛሬም በየገጠሩ በዕርቅ የሚያልቅ አለ። ሆኖም በ2015 ዓ.ም. ሐዋሳ ላይ አንዲት የባንክ ሠራተኛ በፖሊስ አባል ስትጠለፍ ምን እንደሆነ አስታውሱ። አገር ተንጫጫ። «ሽማግሌ ይላክ» ያለ አልሰማሁም። ከቀናት በኋላ ተለቀቀች። ሕጉና 20 ዓመት የፈጀው ክርክር ባይኖሩ ያ ጩኸት ከየት ይመጣ ነበር?

ይህ ሁሉ ግን በነፃ አልመጣም። የሴት የሕግ ባለሙያዎቹ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2001 ለተወሰነ ጊዜ ታግዷል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅም በሰብአዊ መብት ላይ የሚሠሩ ድርጅቶች ከውጭ የሚያገኙትን ገንዘብ ከገቢያቸው 10 በመቶ እንዳይበልጥ አድርጎ አዳከማቸው። አዋጁ የተሻረው በ2011 ነው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው አባባል ከባዶ አልመጣም። መናገር እንጀራ የሚያሳጣበት፣ የሚያሳስርበት ጊዜ አለ። ልጆች የሚያሳድግ ሰው በዚያ ጊዜ ዝም ቢል ፈሪ ብዬ አልጠራውም። አደጋ ያለበትን ዝምታና አደጋ የሌለበትን ዝምታ ግን አንድ ላይ መክተት የለብንም። ብዙው ዝምታችን ማንም በማያስረን ቦታ ላይ ነው።

ቁጣ ብቻውንም ሩቅ አይሄድም። በባሕር ዳር የተገደለችው የ7 ዓመት ሕፃን ጉዳይ በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ይፋ ሲሆን ስልካችን ሁሉ በእሷ ፎቶ ተሞላ። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው ፊርማ አኖረ። ቁጣው እውነተኛ ነበር፤ እኔም አለቀስኩ። ጥቂት ሳምንታት ሲያልፉ ግን በረደ። የከምባታው ውይይት ግን በየሁለት ሳምንቱ ይመለስ ነበር። ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው። ቁጣ ቀጠሮ ያስፈልገዋል፤ ቦታ፣ ሰዓት፣ የሚመጣ ሰው።

አሁን በቤታችን ውስጥ ያለው

ጎመን በጤና የምንልበትን አንድ ጉዳይ ልጥቀስ፤ ብዙዎቻችሁን ይነካል። የቤት ሠራተኞች ጉዳይ ነው። ቤይሩት ወይም ሪያድ ውስጥ አንዲት እህታችን ፓስፖርቷን ተቀምታ፣ ደመወዟን ተከልክላ ስትገኝ ደማችን ይፈላል። ተገቢ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከገጠር የመጣች የ15 ዓመት ልጅ ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ስትሠራ፣ የዕረፍት ቀን ሳይኖራት፣ ደመወዟ «እኔ ጋ ይቀመጥልሽ» ተብሎ ሲያዝ ግን «ከገጠር አውጥተናታል» እንላለን።

ሕጉም ከእሷ ጋር አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የግል አገልግሎት ቅጥርን ከሽፋኑ ውጭ አድርጎ፣ የሥራ ሁኔታውን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ እንዲወሰን ትቶታል። ስለዚህ የዕረፍት ቀኗ በአሠሪዋ ደግነት ላይ ተንጠልጥሏል።

እዚህም ያው ቋጠሮ ነው ያለው። አንዲት እናት ለሠራተኛዋ እሑድን ነፃ ብታደርግላት ጎረቤቷ «ሠራተኛ ታበላሺብናለሽ» ትላታለች። ጎረቤቷም ምናልባት ውስጧ ይከብዳት ይሆናል፤ አልተጠየቀችም። እስኪ በሚቀጥለው የእድር ወይም የኮንዶሚኒየም ማኅበር ስብሰባ ላይ፣ ስለ ውኃ ታንከሩና ስለ ጥበቃው ከተወራ በኋላ፣ አንድ ሰው እጁን ያውጣ። «በዚህ ብሎክ የቤት ሠራተኛ ያለን ሁላችን በሳምንት አንድ ቀን ብናሳርፋት፣ ደመወዟንም በየወሩ በእጇ ብንሰጣት ምን ትላላችሁ?» ይበል። እጅ አውጡ ከማለት በፊት ግን ሰዎቹ በቁራጭ ወረቀት፣ ስም ሳይጻፍ መልሳቸውን ይስጡ። ወረቀቶቹ እዚያው በሁሉም ፊት ተከፍተው ይቆጠሩ። ቁጥሩ ከገመታችሁት ከፍ ብሎ ከተገኘ ደንቡን በዚያው ቀን ጻፉት። ዝቅ ብሎ ከተገኘ ደግሞ ለሚቀጥለው ወር ስብሰባ አጀንዳ አስይዙት፤ በመሐሉም ሠራተኞቹን ራሳቸውን ጠይቋቸው።